የእኔ ሞረድና የማሬት ጥለት

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት ወርክሾፑ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ። ኖርዌይ ሰው ሲወለድም ኬክ፣ ሲመረቅም ኬክ፣ ሲሰናበትም ኬክ ነው። አዲሱ አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ "ጌታሁን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን በጣም የምትኮራበት ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሰዉ ሁሉ ሹካውን ይዞ ጠበቀ። እኔም ብጀምረው ኬኩ ያልቃል እንጂ ወሬዬ አያልቅም ብዬ፣ "ብዙ ነው፤ ይቆየን" ብዬ አለፍኩት። አሁን ጊዜ ሞልቶኛል። ኦስሎ ዳር፣ ሆልምሊያ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ደግሞም በገዛ አፌ በአማርኛ፣ ልናገረው።

ሥራዬ የስኪና የስኖቦርድ ጠጋኝነት ነበር። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው "በረዶ ላይ የሚሄድ ነገር? ሥራ አጣህ እንዴ!" ይሉኝ ነበር። ስኖቦርድ ማለት ሁለት እግር ታስሮበት በበረዶ ቁልቁለት የሚወረድበት ሳንቃ ነው። ዳር ዳሩን የብረት ስለት አለው፤ ሆዱ ደግሞ ሰም ይጠጣል። ስለቱ ከደነዘ ጋላቢው መታጠፍ አይችልም፤ ሰሙ ካነሰ መንሸራተት አይችልም። እኔ እንግዲህ የስለቱና የሰሙ ሰው ነበርኩ። ሳልዋሽ፣ ኦስሎ ውስጥ ከእኔ የሚሻል ጥቂት ነው። ትሕትናውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ሲጀመር ግን በመጥረጊያ ነው የገባሁት። በሱዳን በኩል ዞሬ ኦስሎ ስደርስ ያገኘሁት ሥራ ሴንትሩም፣ መሐል ከተማው ላይ፣ ያለ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ማጽዳት ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ የብረታ ብረት ሠራተኛ ስለነበርኩ ሞረድ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን የመደብሩን ምድር ቤት ስጠርግ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ የስኪ ስለት ሲሞርድ አገኘሁት። ሞረዱ ሽው ይላል፣ ይነሳል፤ ሽው ይላል፣ ይነሳል። ሲመለስ ብረቱን አይነካም። ሞረድ ወደ ፊት ነው የሚበላው፤ እየጫኑ ወደ ኋላ ከጎተቱት ጥርሱ ይረግፋል። ይህን የማያውቅ ስንት አለ መሰላችሁ! ቆሜ ቀረሁ። ቋንቋ የለኝ፤ መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሞረዱን አየና ሰጠኝ። ጥቂት ካስኬድኩት በኋላ ስለቱን ዳሰስ አድርጎ "ኢከ ቬሽት" አለ። "አይከፋም" ማለት ነው። ከኖርዌጂያን አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደማይወጣ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሳምንቱ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው አስረክቤ ምድር ቤት ወረድኩ።

ሽማግሌው አርነ ይባላል። አለቃዬም አስተማሪዬም እሱ ነው። አርነ ከምሳ በፊት አይናገርም። ሞረድ ሲይዝ ሬዲዮው ይዘጋል፤ "ስለት የሚሳለው በጆሮ ነው" ይላል። ሞረዶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሚስማር አላቸው፤ የእሱን ሞረድ መበደር የጥርስ ብሩሹን እንደ መበደር ነው። ሰም ሲያቀልጥ ካውያው አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከቆመ የቦርዱ ሆድ ተቃጠለ ማለት ነው። የሆዱን ሙቀት በእጁ ጀርባ ይለካል፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ይፋቃል፣ ከዚያ ከቦርዱ ፊት፣ አፍንጫ ከሚባለው፣ ወደ ጅራቱ ይቦረሻል። አንድ ጊዜ ከጅራት ወደ አፍንጫ ቦርሼ ሳያናግረኝ ዋለ፤ ከምሳም በኋላ ጭምር።

ስለቱ መሳሉን የሚፈትነው በአውራ ጣቱ ጥፍር ነበር። ጥፍሩን በስለቱ ላይ ሲስበው ነጭ ብናኝ ካልተነሳ ሥራው አላለቀም። እኔም ልማዱን ወርሼ እስከ ዛሬ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጎርባጣ ነው፤ ባለቤቴ ሠርግ ቤት ስንሄድ "እጅህን ኪስህ ክተት" ትለኛለች። በውድድር ጠዋት ደግሞ አርነ ጓንቱን አውልቆ በረዶ ይዘግናል። ጨብጦ ይለቀዋል። ከፈረሰ አንድ ዓይነት ሰም፣ ከተያያዘ ሌላ ዓይነት፣ ውኃ ካንጠባጠበ ደግሞ ሌላ። እኔ በልቤ "እርስዎ" ነው የምለው፤ ቋንቋቸው ግን ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ብቻ ነው ያለው። ታላቄን "አንተ" ማለት ዓመታት ፈጀብኝ። ደመወዙ ቤት ያቆማል፤ የመሥሪያ ቤቱን የወረቀት ሥራ እሱ ይጠላዋል፣ እኔ አይገባኝም፤ በዚህም ተስማምተን ኖርን።

ማሬት የመጣችው አርነ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ ልጅ። ስለቱ የተበላ ቦርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ነገ እፈልገዋለሁ" አለች፣ ሌላ ቃል የለም። ሳሚ ናት። ሳሚዎች በሰሜን በኩል ድንበሮቹ ከመሰመራቸው አስቀድሞ የኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና ልብስ ያላቸው፣ ብዙዎቹ የበረዶ አጋዘን የሚያረቡ ሕዝቦች ናቸው። አንድ ደንበኛ ከየት እንደመጣች ሲሰማ ፈገግ ብሎ "አባትሽ ስንት አጋዘን አለው?" አላት። "ይበቃዋል" ብላ ፊቷን አዞረች። ሰውየው ከወጣ በኋላ እኔ፣ "አባቴ የከብቱን ብዛት ለጠየቀው ሁሉ 'እግዜር የሰጠን አለ' ብሎ ነበር የሚመልሰው" አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ፣ "አባቴን ታውቀዋለህ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርዷን ከእኔ ሌላ የሚነካው አልነበረም።

ውድድሯ ቦርደርክሮስ የሚባለው ነው። ብዙ ሆነው ባንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ጉብታ አለ፣ ዝላይ አለ፣ ስል መታጠፊያ አለ፤ ታች ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ግፊያም አለበት። ወይ ጉድ፣ ይቺ ዝምተኛ እዚያ ላይ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት! በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ስሟ ገነነ፤ ቴሌቪዥን ላይ ወጣች፤ አንድ ትልቅ የቦርድ ኩባንያም አስፈረማት። ውጭ አገር ስትወዳደር እኔም ካውያዬንና ሞረዴን ይዤ ተከትያት ሄጃለሁ። የስንት አገር ተራራ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ያየሁት ግን በሰም ቤት መስኮት ነው። ጋዜጠኞቹ ሁልጊዜ "በቋንቋችሁ ለበረዶ ስንት ቃል አላችሁ?" ይሏታል። "ቁጥሩን ይጠይቁኛል፤ አንዱን ቃል እንኳ ግን ቁጭ ብለው አይማሩም" ትለኝ ነበር። እኔ ተምሬአለሁ። ከሥር እንደ ስኳር የሚፈርሰውን በረዶ በእነሱ ቋንቋ ስሙን ስጠራላት ደስታዋን ብታዩ!

ታዲያ እኔን ያኮራኝ ሜዳልያዋ ብቻ አይደለም። ሆልምሊያ ነበር የተከራየችው፣ እኔ ካለሁበት ብሎክ ብዙም አይርቅም። አንድ ቀን ወደ ሴንትሩም በሚሄደው ባቡር አብረን ተቀምጠን፣ "አያቴን በልጅነቷ ከቤቷ ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። ቋንቋዋን ስትናገር ትቀጣ ነበር። እዚህ ኦስሎ ደግሞ ሳሚ መሆናቸውን ለክፍል ጓደኞቻቸው የማይናገሩ ልጆች አሉ" አለችኝ። ከዚያ በመስኮቱ እያየች፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስቤ በረዶ ላይ ላወጣ ነው። የሳሚ ልጆችን፣ የእናንተንም፣ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሁሉ። ተራራ ላይ የሚያፍር ልጅ የለም" አለች። ኩባንያዋ ቦርድና አውቶቡስ ሰጠ፤ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ቦድ ፈቀደ። "የቅዳሜ ልጆች" ተባሉ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አልረሳውም። የኛ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት አድርገው እንደላኩ! ከሹራብ ላይ ሹራብ፣ ከጃኬት ሥር ጋቢ። ከሁሉም የባሰችው አደይ ለተብርሃን ናት። አጠገባችን ባለው ፕሪንስዳል ሰፈር የምትኖር ኤርትራዊት ናት፤ ሰባን ያለፈች፣ ምላሷ ስል፣ የልጅ ልጇን የምታሳድግ። ናትናኤልን ጠቅልላ ጠቅልላ ጎንበስ ማለት አቅቶት ቦርዱን እኔ ተንበርክኬ አሰርኩለት። ማሬት ልጆቹን ሰብስባ፣ "ዛሬ መንሸራተት የለም። ዛሬ መውደቅ ነው የምንማረው" አለች። ስተረጉምላት አደይ ለተብርሃን፣ "መውደቅማ ማን ያጣዋል! ለዚህ ነው በአውቶቡስ ያመጣችሁን?" አለች። ፈረንጆቹ ስሜን ቆርጠው "ጌታ" ብለው ሲጠሩኝ ስትሰማ ደግሞ አማተበች። "ወደይ፣ ልጄ ጌታሁን፣ ይሄ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው፤ እግሩ ቢሰበር አንተን ነው የማውቀው" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ግን በየቅዳሜው ታመጣዋለች። በረዶው ዳር ቆማ በትግርኛ ትጮህበታለች፤ ልጁ እየወደቀ ይስቃል።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ልጆቹ በዙ። በመጀመሪያ "እኛ ከሰሜን ነን" ብቻ ብሎ ያለፈ አንድ የሳሚ ቤተሰብ ልጃቸው በሳሚ ቀሚስ ቅዳሜ መጣች፤ ማሬት ያን ቀን ስታለቅስ አይቻታለሁ፣ በውድድር አልቅሳ አታውቅም። ራሷም በበዓላቸው ቀን የእናቷን የእጅ ሥራ ቀሚስ ለብሳ ቦዱ ውስጥ ለልጆቹ አሳይታ ነበር። በቀሚሱ ጠርዝ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ጥለት ዞሮታል። "ይሄ ጌጥ ብቻ አይደለም። የሚያውቅ ሰው አይቶ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት ሰፈር እንደመጣሁ ያነበዋል" ብላናለች።

እንግዲህ ዋናው ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው፣ በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ። ኦስሎ ላይ፣ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ፣ ትልቅ ውድድር ሊደረግ ቀናት ቀርተውታል። ከኩባንያው ሣጥን መጣልኝ፤ የማሬት አዲስ የውድድር ቦርድ ነው፣ በእሷ ስም ለገበያ የሚወጣ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት፣ ሆዱን ወደ ላይ። ክው አልኩ። የእናቷ ጥለት ነው። ያው ቀይ፣ ያው ቢጫ፣ ያው ሰማያዊ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ታትሞበታል። የቦርድ ሆድ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይፋቃል፣ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይቧጭረዋል፣ ተራራው ላይ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ እየጠረገ የሚወርደው እሱ ነው። ካውያዬ ግሏል፣ ሰሙን ይዣለሁ፤ አልቀባሁትም። ካውያውን ነቅዬ ደወልኩላት።

መጣች። አየችው። ጎንበስ ብላ በጣቷ ተከተለችውና "የእናቴ ነው" አለች። ለማስታወቂያ ፎቶ ስትነሳ ያን ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ፎቶውን እንዲጠቀሙበት ፈቅዳለች፣ ጥለቱን ነቅለው ያትሙታል ብላ ግን አላሰበችም። የኩባንያው ሰው ፔር ሲመጣ ፊቱ በደስታ ይበራ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ለሳሚ ሕዝብ ክብር ያደረገ መስሎታል። "ማሬት፣ ስትዘይ ካሜራው የሚያየው ሆዱን እኮ ነው! ዓለም ሁሉ ጥለትሽን ያየዋል" አላት።

"ስወርድስ? ስወርድ ምኑ ላይ ነው የቆምኩት?" አለችው።

ፔር ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው፦ በዚህ ቦርድ ከተወዳደረች የቅዳሜ ልጆች ለሦስት ክረምት ቦርድም አውቶቡስም አይቸግራቸውም። ካልተወዳደረች ውሏ ይፈርሳል፤ ቦዱ ውስጥ ያለው የኩባንያው ቦርድም ይመለሳል። "ለልጆቹ ስትይ" አላት። እውነቱን ነው፤ የሚያመውም ለዚህ ነበር።

ማሬት ሰሜን ላለችው እናቷ እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ሆና ደወለች። በሳሚ ቋንቋ ስለነበር አልሰማኋቸውም፤ የማሬት ድምፅ ግን እያነሰ ሄደ። ስልኩን ዘግታ፣ "እናቴ 'አልከለክልሽም፣ አልፈቅድልሽምም' አለችኝ። 'የእኔ ብቻ አይደለም። የእናቴ ነው፣ የእህቶቼ ነው፣ ገና ያልተወለዱትም ነው። ማንን ጠይቄ ልፍቀድ?' አለችኝ" አለች። እኔ ምን ልበል? ልጆቹም አሳዘኑኝ፣ እናቲቱም ልክ ናት። በርጩማ ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም "ጌታ፣ የድሮውን ቦርዴን አዘጋጅልኝ" አለች።

የድሮው ቦርድ ባለፈው ክረምት ከድንጋይ ተጋጭቶ ስለቱ በአንድ በኩል ተቆርጦ ነበር። የተጎዳውን ቆርጬ አውጥቼ በልኩ ሌላ ቁራጭ ስለት ተክዬበታለሁ፣ በሙጫና በትናንሽ ብሎን። ያማረ ጥገና ነበር፤ መጋጠሚያው በጥፍር እንኳ አይያዝም። አርነ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ጠራሁትና መጣ። መነጽሩን አድርጎ አየ፣ ቦርዱን አጥፎ ሞከረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ መታ መታ አደረገው። "ለልምምድ ያ። ለውድድር ኔይ" አለ፤ ለልምምድ አዎ፣ ለውድድር አይሆንም ማለቱ ነው። ማሬት ሰማችው። "ሌላ የለኝም፤ ባዕድ ቦርድ ለማላመድ ወራት ይፈጃል" አለች። አርነ ጃኬቱን አውልቆ የድሮ ሞረዱን ከሚስማሩ አነሳ። ሬዲዮውን ዘጋሁ። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ሆነን ያን ቦርድ ሠራነው። በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ ስለት አላወጣሁም።

በውድድሩ ቀን የቅዳሜ ልጆች በሙሉ ከነወላጆቻቸው በሜትሮ ወጥተው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል፤ አደይ ለተብርሃንም ነጠላዋን ከካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ አለች። ጠዋት በረዶ ዘግኜ ጨበጥኩ፤ ፈረሰ። የመረጥነው ሰም ለሚፈርስ በረዶ ነበርና ልቤ ሞላ። ማሬት የመጀመሪያውን ዙር አንደኛ ወጣች። ሁለተኛውንም አንደኛ። ወንድሜ፣ እንደዚያ ቀን ወርዳ አታውቅም! ልጆቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮሁ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ እየመራች ረጅሙ የግራ መታጠፊያ ደረሰች። እዚያ ሙሉ ክብደቷ በስለቱ ላይ ነው። ቁራጩ ተነቅሎ ወጣ። ከታች ሆኜ ያየሁት ብልጭታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦርዱ ተሰነቀረ፣ እሷ ተሽከርክራ መረቡ ላይ አረፈች። ቆይታ ተነሣች። አንድ እጇ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ቦርዷን ይዛ በእግሯ ወረደች። የአንገት አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። እኔ ጎልማሳው፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አርነ ትከሻዬን ይዞኝ ቆመ።

በማግስቱ አንድ ተንታኝ በሬዲዮ "ግትርነት ነው የጣላት" አለ። አዲሱን ቦርድ ብትይዝ ታሸንፍ ነበር፤ ይህን እኔም አልክድም። በሳምንቱ ውሏ ፈረሰ፣ የኩባንያው መኪናም መጥቶ ቦዱን ባዶ አደረገው። ማሬት ውድድሩንም፣ ውሏንም፣ የልጆቹንም ቦርድ ባንድ ሳምንት አጣች።

የሆነውን ሁሉ አስቀድሜ ልናገርና የምኮራበትን ቀን መጨረሻ ላይ ላስቀምጠው። ልጆቹ በዚያ ክረምት ከበረዶ አልቀሩም። ሰው ጠግኑልኝ ብሎ አምጥቶ የረሳው፣ የተጣለው፣ የተሰነጠቀው ቦርድ ሁሉ ከየምድር ቤቱ ተለቅሞ መጣ፤ አርነና እኔ ጠገንነው፤ አባቶች በየተራ በመኪናቸው አመላለሱ። ያ የጥለት ቦርድ ለገበያ አልወጣም፤ ፔር ራሱ ደውሎ ነገረን። ማሬት አጥንቷ ጠግኖ አንድ ክረምት ተወዳድራ በቃኝ አለች። አሁን ስለ ሕዝቧ ልብስ፣ ቋንቋና መሬት ለመናገር ከሰሜን ደቡብ ትመላለሳለች፤ ከሹማምንቱ ጋር ቁጭ ብላ ስትከራከር ያያት ያቺ ዝምተኛ ናት አይልም። ወርክሾፑን ደግሞ ሌላ ባለቤት ገዝቶት ስለት የሚስል ማሽን አስገባ። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ጆሮ ግን የለውም።

ያ ቀን ግን እንዲህ ነበር። ቦዱ ባዶ በሆነ በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወላጆች ሆልምሊያ ባለው የብሎኩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የኛ ሰዎች አሉ፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ የሳሚ ቤተሰቦችም። ማሬት እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ ፊታቸው ቆመች። ከመግባታችን በፊት፣ "ጌታ፣ ተራራው ላይ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም" ብላኝ ነበር። በኖርዌይኛ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች፤ እኔ ለአረጋውያኑ በአማርኛ አስተረጎምኩ። ስትጨርስ አንድ አባት ተነሣ፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ታክሲ ነጂ፣ ደህና ሰው። "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ለአንድ ጥለት ብለሽ ነው ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን ያስቀረሻቸው?" አላት። አዳራሹ አጉረመረመ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያ፣ አዎ" አለች ማሬት። "እኔ ነኝ ያደረግሁት። ብትቆጡኝ አልፈርድባችሁም።"

አደይ ለተብርሃን ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን እንደለበሰች ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጥታ ተቀምጣለች። "ቆይ እስኪ" አለች። "ወደይ ጌታሁን፣ ምንድን ነው የታተመው? የት ላይ ነው ያተሙት?"

ጥለቱ የታተመበት ቦርድ ወርክሾፕ ቀርቶ ነበር፤ ለማሳየት ይዤው መጥቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛሁት። አደይ ለተብርሃን ተነሥታ መጣች። መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ቀዩ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ እስከ ጅራቱ ተከተለችው።

"ማን ሠራው?" አለች። እኔ መሐል ሆኜ አስተረጎምኩ።

"እናቴ" አለች ማሬት።

"በእጇ?"

"በእጇ። ከእናቷ ተምራ።"

"ይሄ ታዲያ በየትኛው በኩል ነው? በእግር በኩል ነው ወይስ በበረዶው?"

"በበረዶው በኩል ነው አደይ። ከሥር" አልኳት እኔ።

አሮጊቷ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበችና ዘርግታ ቦርዱን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አለበሰችው። ጥለቱን ጥለቷ ሸፈነው። "የሰው እናት እንዲህ ተገልጣ አትተኛም" አለች። ወደ ታክሲ ነጂው ዞረች። "አንተ፣ የእናትህን ቀሚስ እየረገጥክ ነው እንዴ ያደግኸው?" ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ ቁጭ አለ።

አደይ ለተብርሃን ማሬት አጠገብ ሄዳ ያልተሰበረውን ትከሻዋን ያዘች። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ናትናኤል ቅዳሜ ይመጣል። ሁሉም ይመጣሉ። ቦርድ ከሌለ በመቀመጫው ይንሸራተታል!" አለቻት። ማሬት ተርጉምልኝ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር፤ እየጠረግሁ ቃል በቃል ነገርኳት፣ መቀመጫውንም ጭምር። ማሬት በደህናው እጇ ፊቷን ሸፍና ሳቀችም አለቀሰችም፤ አሮጊቷ ግን ልጆቹን ቅዳሜ በስንት ሰዓት ይዘን እንምጣ ብላ መጠየቅ ጀምራ ነበር።